ለውጥን በጥበብ መምራት፦ ከአሶሳ መንገድ ከተመለሱት ከኦኔሲሞስ ነሲብ የምንማረው

«ለውጥ ያስፈልጋል» የሚለውን ቃል በየአጥቢያው እንሰማለን። ወጣቶች ይሉታል፣ መሪዎች ይሉታል፣ አንዳንዴም በዝምታ ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩ ምእመናን በመቅረታቸው ይሉታል። ነገር ግን ለውጥ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለውጡን መንጋው ሳይበተን መምራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእግዚአብሔር ቃል እውቀት የሌለበት ትጋት መልካም እንዳልሆነና በእግሩ የሚቸኩል ሰው መንገዱን እንደሚስት ያስጠነቅቀናል (ምሳ. 19፥2)።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በሽምግልና፣ በመጋቢነት፣ በወንጌላዊነት ወይም በዲቁና የምታገለግሉ፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር አብረን እንመለከታለን። ጥበበኛ መሪ ለውጡን ከማወጁ በፊት ሰውን ያዘጋጃል፤ ሰውን ከማዘጋጀቱም በፊት ራሱ ይዘጋጃል። በር ሲዘጋበት በሩን አይሰብርም፤ እጁንም አጣጥፎ አይቀመጥም።

ይህን ለማየት ከመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌዎች ጋር ከገዛ አገራችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ አገልጋይ እንወስዳለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ለምን ስለ መንጌ እንናገራለን?

መንጌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ከአሶሳ ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ ወረዳ ናት። አብዛኛው ነዋሪ የበርታ ሕዝብ ነው፤ ሃይማኖቱም በአብዛኛው እስልምና ነው። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በተካሄደው ሰፈራ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ፣ እንዲሁም በሥራ፣ በንግድና በትምህርት ምክንያት የገቡ ብዙ ወገኖች አብረው ይኖሩበታል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በየቤቱና በየገበያው ግን ብዙ ቋንቋ ይነገራል።

እንዲህ ባለ ቦታ አንዲት አጥቢያ ስትመራ እያንዳንዱ ለውጥ ሌላ ጥያቄ ይቀሰቅሳል። የአምልኮው ቋንቋ የቱ ይሁን? ሽማግሌዎቹ ከየትኛው ወገን ይመረጡ? ለመዝሙር የምንጠቀምበት ድምፅ ማጉያ ጎረቤቶቻችንን ምን ያስባል? ከሌላ ቦታ የመጣ ሲሄድ አገልግሎቱን ማን ይረከባል? በሌላ አካባቢ ቀላል የሚመስለው ውሳኔ እዚህ የሰላም ወይም የመለያየት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከ2018 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት በካማሺና በመተከል ዞኖች በነበረው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት እንደጠፋና ብዙዎች ከቀያቸው እንደተፈናቀሉ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ክልል የሚያገለግል ክርስቲያን መሪ ለውጥን በግዴለሽነት ሊነካው አይገባም። በመንጌ የሚሠራ ጥበብ ደግሞ በአዲስ አበባም ይሠራል።

በአሶሳ የተዘጋው መንገድ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፉም ምፅዋ ደረሱ። በዚያ በ1870 ነፃ ወጡ፤ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤትም ተቀበላቸው። በ1872 ሲጠመቁ ከባርነት ወደ ወንድምነት የተጠራውን የፊልሞናን አገልጋይ ስም ወሰዱ (ፊልሞና 10-16)። ቀጥሎም በስዊድን አገር ለአገልግሎት ሠለጠኑ።

ከስዊድን ሲመለሱ በልባቸው የነበረው ራእይ ግልጽ ነበር፤ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ለሕዝባቸው ማድረስ። ይሁን እንጂ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚስዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ነበር። ስለዚህ ኦኔሲሞስና ጓደኞቻቸው በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። በሱዳን ድንበር በኩል ተጉዘው እስከ ፋማካና እስከ አሶሳ ደረሱ። ያ አካባቢ በዚያን ዘመን የባሪያ ንግድ የሚካሄድበት ምድር ነበር፤ በባርነት የተሸጠ ሰው ነፃ ወጥቶ ወንጌል ይዞ መጣበት። ወለጋ ሩቅ አልነበረም። ነገር ግን ወደ ፊት መቀጠል አልቻሉም። ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመሙ፤ ተመልሰውም በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገቡ። በዚያው ወቅት የማህዲ ንቅናቄ ሱዳንን ማናወጥ ጀምሮ ነበር።

በ1886 ለሁለተኛ ጊዜ ሞከሩ። በሸዋ በኩል እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፈቃድ ስላላገኙ አሁንም ተመለሱ። ኦኔሲሞስ ወለጋ፣ ነቀምት የደረሱት በ1904 ነው። ከአሶሳ መንገድ ከተመለሱበት ጊዜ ጀምሮ ቢቆጠር 22 ዓመት ገደማ ይሆናል።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን ሠሩ? በምፅዋ አጠገብ ባለው በምንኩሉ የሚስዮን ጣቢያ ተቀምጠው ክርስቲያናዊ ጽሑፎችን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። ነቀምት ሲገቡ በእጃቸው የነበረው የአሶሳው ጉዞ ቢሳካ ኖሮ ሊኖራቸው የማይችል ነገር ነው፤ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያነበው የእግዚአብሔር ቃል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለለውጥ አመራር የሚሆኑ ትምህርቶችን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. የተዘጋ በር የሥራ ጊዜ ነው

ብዙ መሪዎች ሐሳባቸው በመጀመሪያው ስብሰባ ካልተቀበለ ወይ ያኮርፋሉ ወይ ይጋፋሉ። ያኮረፈው «ይህች ቤተ ክርስቲያን አትለወጥም» ብሎ አገልግሎቱን ይተዋል። የሚጋፋው ደግሞ ደጋፊ አሰባስቦ ሌላ ጉባኤ ይጠራል። በአገራችን ስንት አጥቢያ በዚህ መንገድ ለሁለት ተከፍሏል!

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ለንጉሡ የተናገረው በኒሳን ወር ነው (ነህ. 1፥1፤ 2፥1)። በመካከሉ አራት ወር ያህል አለ። በእነዚያ ወራት ጾመ፣ ጸለየ፣ አሰበ። ንጉሡ ሲጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍለት፣ እንጨቱን ከማን እንደሚያገኝ አዘጋጅቶ ነበር (ነህ. 2፥4-8)። ይህ ሁሉ መልስ በዚያች ቅጽበት የመጣ አይመስልም፤ በጸሎትና በዝግጅት ወራት የበሰለ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችሁ ዛሬ ካልተቀበለ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በሩ ሲከፈት በእጃችን ምን ይኖራል? የሠለጠነ ሰው ይኖራል? የተጻፈ ዕቅድ ይኖራል? የተቀመጠ ገንዘብ ይኖራል? ወይስ ያው የመጀመሪያው ቁጣችን ብቻ ነው የሚኖረን?

2. መሪ የማያውቀውን ማወቅ አለበት

ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለተወሰዱ የኦሮምኛ እውቀታቸው ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚበቃ አልነበረም። ራእዩ የእሳቸው ነበር፤ ቃላቱ ግን ከሌሎች መምጣት ነበረባቸው። እግዚአብሔርም አስቴር ጋኖን አመጣላቸው። አስቴር እንደ እሳቸው በባርነት የተሸጡና ነፃ የወጡ ወጣት ሴት ነበሩ። የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዜማዎችን በማሰባሰብ ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ በትርጉሙም ተካፈሉ። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም የእሳቸው እጅ ያለበት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ኦኔሲሞስ የተማሩ ቢሆኑም ከሳቸው የተሻለ ለሚያውቅ ሰው ቦታ ሰጡ፤ ያም ሰው ወጣት፣ ሴትና ከባርነት የወጣች ነበረች። ሁለተኛ፣ በ1899 በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ርእስ ገጽ ላይ የአስቴር ስም የለም። ለረጅም ጊዜም የሚያስታውሳቸው ሰው ጥቂት ነበር። መሪዎች ሆይ፣ ለውጥ ሲሳካ ምስጋናው ወደ መድረክ ይሄዳል፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ነው። ጳውሎስ በሮሜ 16 የብዙ ሰዎችን ስም እየጠራ፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶችን ጨምሮ፣ ድካማቸውን መስክሯል። እኛም ስም መጥራትን እንማር።

ነህምያም ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰ ወዲያው አልተናገረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም በሌሊት ተነሥቶ ቅጥሩን በዓይኑ ዞሮ አየ (ነህ. 2፥11-16)። ሳይመረምሩ ማወጅ ኋላ ያሳፍራል። በመንጌ አዲስ የተመደበ አገልጋይ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹ ወራት የመስሚያ ጊዜ ይሁኑላችሁ። ማን ከማን ጋር ተጣልቷል? ከዚህ በፊት ምን ተሞክሮ ከሸፈ? ጎረቤት የሆኑት ሙስሊም ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኒቱን እንዴት ያዩአታል? ይህን የማያውቅ መሪ የሚያመጣው ለውጥ የሌላ አገር ልብስ ነው፤ ለዚህ ሰው አይሆነውም።

3. የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ለይቶ ማወቅ

በመንጌ ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ገበቴውን በጣም ቸኩሎ የሚያወዛውዝ ወርቁን ከአሸዋው ጋር ይደፋዋል። ጨርሶ የማያወዛውዝ ደግሞ አሸዋ ተሸክሞ ይቀራል። የለውጥ መሪ ሥራም እንዲሁ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ከዚህ አንጻር ሊነበብ ይገባል። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚለው ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንን ሊከፍል ደርሶ ነበር። ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ ጴጥሮስ የሆነውን መሰከረ፤ ጳውሎስና በርናባስ ተረኩ፤ ያዕቆብ ከቅዱሳት መጻሕፍት አመሳክሮ ደመደመ። በጸጋ መዳን አልተነካም፤ እንዲያውም ተጠበቀ። ከዚያ ውጭ ያለው ሸክም ግን ከአሕዛብ ጫንቃ ወረደ። ውሳኔውም በአፍ ወሬ አልተላከም፤ ተጽፎ በታመኑ ሰዎች እጅ ተላከ (ሐዋ. 15፥22-31)።

ኦኔሲሞስም ይህን ልዩነት ያወቁ ይመስላል። መልእክቱን አልለወጡም፤ የመልእክቱን ቋንቋ ግን ለወጡ። ቋንቋውን ሲለውጡ ደግሞ በአገሩ የታወቀውን ፊደል ያዙ፤ የ1899ኙ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። አማርኛ የተማረ ሰው ፊደሉን ስለሚያውቀው ለማንበብ አይቸገርም ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አዲስ ማድረግ አላስፈለገም።

በአጥቢያችሁ አንድ ለውጥ ስታስቡ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ጻፉ። በአንዱ የእግዚአብሔር ቃል ያዘዘውን፣ በሌላው የለመድነውን። የእሑድ ፕሮግራም የሚጀመርበት ሰዓት፣ የመዝሙር መሣሪያው ዓይነት፣ የአቀማመጡ ሥርዓት ልማድ ናቸው። ልማድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከአባቶች የወረስናቸው መልካም ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ልማድን እንደ ትእዛዝ፣ ትእዛዝንም እንደ ልማድ የሚያይ መሪ ሕዝቡን ያደናግራል።

4. ለውጡን የሚኖሩበት ሰዎች ባለቤት ይሁኑ

በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ አይሁድ በዕለት ተዕለት እርዳታ መበለቶቻቸው ችላ ስለተባሉ አጉረመረሙ። ጉዳዩ የምግብ ቢመስልም በውስጡ የቋንቋና የወገን ቁስል ነበረበት። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ «መንፈሳዊ ሁኑ» ብለውም አላለፉአቸውም። ጉባኤውን ጠርተው ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት ሰዎች ስም ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ማለትም የተበደለው ወገን ሰዎች የአደራው ጠባቂዎች ሆኑ። የተገኘውም ውጤት የእግዚአብሔር ቃል መስፋት ነበር (ሐዋ. 6፥7)።

በምዕራብ ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። በደምቢ ዶሎ አካባቢ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሥራውን የጀመረው በ1919 ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ ሲወጡ አገልግሎቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ቀረ፤ ከእነርሱም አንዱ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ያ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱን አላጠፋትም፤ ይልቁንም በራሷ እግር አቆማት። ይህች የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ሕዝቡ የገዛ ራሱ ያደረገው ነገር ያመጣው ሰው ሲሄድ አይፈርስም።

በመንጌ ላላችሁ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የአጥቢያችሁ አገልጋዮች ሁሉ ነገ በሥራ ዝውውር ቢሄዱ ማን ይቀራል? የለውጡ ዕቅድ ለዚህ መልስ ከሌለው ገና አልተጠናቀቀም።

5. ለውጡ የሚያሳጣቸውን ሰዎች አስቡ

እያንዳንዱ መልካም ለውጥ አንድን ሰው አንድ ነገር ያሳጣዋል። አዲስ የመዘምራን ቡድን ሲቋቋም የቀድሞው መሪ ስፍራውን ያጣል። ሒሳብ በደረሰኝ መሠራት ሲጀምር ለዓመታት በታማኝነት በእጃቸው ሲይዙ የነበሩት አባት የተጠረጠሩ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ተቃውሞ የምንለው ነገር ኀዘን ነው።

ኦኔሲሞስ በነቀምት በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ (ገብረ እግዚአብሔር) ዘንድ መልካም አቀባበል አግኝተው ነበር። ነገር ግን በኦሮምኛ መስበካቸው የአካባቢውን ካህናት አሳሰበ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ቋንቋውን አይሰሙም ነበርና። በ1906 ተከስሰው አዲስ አበባ ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተወሰነባቸው። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ስብከት ግን ተከለከለ።

መልካም ሥራ የሚሠራ መሪም ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ልናስብበት የሚገባን ግን ተቃዋሚው ምን እንደፈራ ነው። ንጉሥ ሮብዓም ሕዝቡ ሸክማቸውን እንዲያቀልላቸው በለመኑት ጊዜ ሦስት ቀን ወሰደ፤ ሽማግሌዎችንም አማከረ። ሆኖም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ በጭካኔም መለሰ። መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ (1ነገ. 12፥1-19)። መማከር ብቻ አይበቃም፤ የተመከሩትን መስማት ያስፈልጋል። ለውጡ ከመታወጁ በፊት በለውጡ ስፍራ ወደሚያጡት ሰዎች ቤት ሂዱ። ቡና ጠጡ። ያገለገሉበትን ዘመን አመስግኑ። ውሳኔውን ከመድረክ እንዲሰሙት አታድርጉ።

6. በተፈቀደው ልክ በታማኝነት መሥራት

ኦኔሲሞስ ስብከት ሲከለከሉ ትምህርት ቤታቸው ቀረላቸው። በዚያ አስተማሩ። ልጆች ማንበብ ተማሩ፤ ያነበቡትም ነገር ብዙዎችን ለወንጌል አዘጋጀ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጡአቸው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም። በ1931 እስኪያርፉ ድረስም አገለገሉ።

ከትንሹ ፈቃድ ያልሠራ ሰው ትልቁ ሲመጣ አይዘጋጅም። ሽማግሌዎቹ ሙሉውን ዕቅድ ባይቀበሉ ምን ተቀበሉ? አንድ የቤት ለቤት ኅብረት ከፈቀዱ እሱን በትጋት ምሩት። ፍሬው ራሱ ይናገራል።

ጥበብና ፍርሃት አይምታቱ

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። መዘግየት ሁሉ ጥበብ አይደለም። ያው ነህምያ ቅጥሩን ለማሠራት ወራት የታገሠ ሰው፣ ባለጠጎቹ በድሆች ወንድሞቻቸው ላይ ወለድ ሲወስዱና ልጆቻቸውን በባርነት ሲይዙ ባየ ጊዜ አልታገሠም። በልቡ አስቦ በጉባኤ ፊት ወቀሳቸው፤ መስካቸውንና ቤታቸውን እንዲመልሱ አደረገ (ነህ. 5፥1-13)። ራሱም 12 ዓመት የገዥነት መብሉን ሳይወስድ ኖረ (ነህ. 5፥14)።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ እየተሰረቀ፣ ሴት ወይም ልጅ እየተበደለ፣ አንድ ወገን በዘሩ ምክንያት ከማዕድ እየተገፋ «ጊዜው አልደረሰም» የሚል መሪ ጥበበኛ አይደለም፤ ፈርቷል። የአምልኮ ሰዓት፣ ቋንቋና አደረጃጀት በትዕግሥት ይለወጣሉ። ኃጢአትና ግፍ ግን ዛሬ ይቆማሉ፤ ጉዳዩ ወንጀል ከሆነም ለሕግ ይቀርባል። መሪ ሆይ፣ የትኛው በየትኛው እንደሆነ ጌታ ያስተውላችሁ።

በተግባር እንዴት ይደረጋል?

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስብ። በመንጌ ወይም በአሶሳ ዙሪያ ያለች አንዲት አጥቢያ እስከ አሁን በአማርኛ ብቻ ታመልካለች። ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ በበርታ ቋንቋም ቃሉ ይነገር የሚል ሸክም አላቸው። በምን ቅደም ተከተል ቢሄዱ ይሻላል?

ሀ. ጸሎትና ማዳመጥ። መሪዎች ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይጸልዩ። ምእመናን በቤታቸው የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገሩ ይጠይቁ። ግምት በዕቅድ ስፍራ አይግባ።

ለ. የውሳኔውን ባለቤት ማወቅ። ጉዳዩን የሚወስነው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው? ጠቅላላ ጉባኤው ነው? የበላይ አካል መጠየቅ አለበት? በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈውን ያንብቡ።

ሐ. ቋንቋውን የሚያውቁትን ማስቀደም። የበርታ ተናጋሪ ወንድሞችና እኅቶች አስተርጓሚ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ። የትኛው ቃል ያንጻል፣ የትኛውስ ያሰናክላል የሚለውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የአስቴር ጋኖን ታሪክ አስታውሱ።

መ. በትንሹ መጀመር። ከእሑድ አምልኮ በፊት በአንድ ቤት የሚደረግ የጸሎትና የንባብ ኅብረት ይበቃል።

ሠ. የሚፈሩትን ማነጋገር። «አማርኛ ሊወጣ ነው?» የሚል ጭንቀት ያለባቸውን አረጋውያን ቀድማችሁ አስረዱ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም በአክብሮትና በግልጽነት ኑሩ፤ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም መኖር ለእኛ የታዘዘ ነው (ሮሜ 12፥18)።

ረ. የሙከራ ጊዜ መወሰን። «ስድስት ወር እንሞክረው፤ በዚህ ቀን ተሰብስበን እናየዋለን» ማለት ብዙ ፍርሃትን ያስወግዳል። ቀኑ ሲደርስም ቃላችሁን ጠብቁ።

ሰ. በቃለ ጉባኤ መጻፍ። የተወሰነው፣ የተቃወመው ሐሳብና ምክንያቱ ይጻፍ። የኢየሩሳሌም ጉባኤ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ እኛም በአፍ ብቻ አንተማመን።

ሸ. ተተኪ ማዘጋጀት። ሥራው ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ ከአካባቢው አንድ ሰው አብሮ ይማር።

ይህ ቅደም ተከተል ለቋንቋ ብቻ አይደለም። ለሒሳብ አያያዝ፣ ለወጣቶች አገልግሎት፣ ለአዲስ ሕንፃ፣ ለመሪዎች ምርጫም ያገለግላል።

መሪዎች ራሳቸውን የሚመረምሩባቸው ጥያቄዎች

ይህ ለውጥ የጌታን ስም ያከብራል ወይስ የእኔን?
ያለ እኔ ቢቀጥል ደስ ይለኛል?
የሚቃወመኝን ወንድም ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» በሚል መንገድ መግለጥ እችላለሁ?
በዚህ ለውጥ ማን ይጎዳል? አነጋግሬዋለሁ?
ጌታ «ቆይ» ቢለኝ የምቆይ ነኝ? «አሁን» ቢለኝስ የምነሣ ነኝ?

ማጠቃለያ

ኦኔሲሞስ የዘሩትን ሁሉ አላጨዱም። እሳቸው ካረፉ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተቋቋመች። በ1929 በቦጂ፣ ወለጋ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳም የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ወንጌልና የሰው ልማት እንዳይነጣጠሉ ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት ድምፃቸውን አሰሙ፤ በ1979ም በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ተገደሉ። ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሮምኛ ቃሉን የሚያነቡና የሚዘምሩ ምእመናን እጅግ ብዙ ናቸው።

ወገኖቼ፣ የምትመሩት ለውጥ ዘግይቶባችሁ ይሆናል። ምናልባትም ከግማሽ መንገድ ታምማችሁ ተመልሳችሁ ይሆናል። የተመለሳችሁበት ቦታ የምታዘጋጁበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ቃሉን አጥኑ፣ ሰውን አሠልጥኑ፣ አረጋውያንን አክብሩ፣ ወጣቶችን አስተምሩ፣ ግፍን አትታገሡ፣ የቀረውን ለጌታ ተዉለት። አንዱ ይተክላል፣ ሌላው ያጠጣል፣ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ነው (1ቆሮ. 3፥6-7)።

ጥበብ የሚጎድለው ለሁሉም በልግስና የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን (ያዕ. 1፥5)። ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ። አሜን።